ኦርጋኒክ ወይን ጠጅም ሰልፋይት አለው

«የፈረንሳይ ትንንሽ አምራቾች ኦርጋኒክ ወይን ሰልፋይት የለበትም፤ ስለዚህ ራስ አያሳምምም» ላልከው ትንሽ እርማት አለኝ፣ ወንድሜ። ሰልፋይት ማለት ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ነው።

ጠርሙሱን አዙረህ ጀርባውን እይ። በከዋክብት የተሳለችው አረንጓዴ ቅጠል፣ የአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ምልክት፣ አለች። ወረድ ስትል ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ሰልፋይት አለው» ይላል። ሁለቱ አይጣሉም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ሰልፋይት ያለው ወይን ሁሉ ይህን መጻፍ አለበት። ባለቤቱ ምንም ባይጨምር እንኳ፣ ወይኑ ሲፈላ እርሾው ራሱ ጥቂት ያወጣል።

ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለው ደንብ፣ ለደረቅ (ጣፋጭ ላልሆነ) ኦርጋኒክ ቀይ ወይን ጣሪያው በሊትር 100 ሚሊግራም ነው። ለመደበኛው 150። ብዙ ትንንሽ አምራቾች ከዚህም በጣም ዝቅ ያደርጉታል፤ ያ ግን የራሳቸው ምርጫ እንጂ የቅጠሏ ትእዛዝ አይደለም።

ለራስ ምታቱ መጀመሪያ አልኮሉን ጠርጥር። ያ ደማቅ ብርቱካናማ የደረቀ አፕሪኮት ከወይኑ ብዙ እጥፍ ሰልፋይት አለው። እሱን በልተህ ራስህን አሞህ ያውቃል?

«ምንም አይረጭበትም» የምትለዋም ልክ አይደለችም። የመዳብ ሰልፌትና ኖራ ተቀላቅሎ የሚሠራው «የቦርዶ ድብልቅ» ከ1880ዎቹ ጀምሮ አለ። (መጀመሪያ መንገድ ዳር ያሉ ገበሬዎች ሌባ እንዳይቀጥፍባቸው ነበር አሉ የሚረጩት።) ኦርጋኒክ ገበሬውም ለሻጋታ ይረጨዋል፤ ቅጠሉ ሰማያዊ ሆኖ ታየዋለህ። ብቻ መዳቡ በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ መብለጥ የለበትም።