ለመርከቧ እንጂ ለጃክ አይደለም

ቡና እየተጠጣ «ታይታኒክ እኮ ያን ያህል ፊልም አይደለም» ያለ ሰው ሁለተኛውን ሲኒ አያገኝም። ቤቱ ጭጭ ይላል። «አንተ ልብ የለህም እንዴ?» ይሉታል፤ ዘመዳቸውን የሰደበባቸው ያህል ነው።

ልብ እንኳ አለኝ። ግን እውነተኛዋ መርከብ በ1912 እ.ኤ.አ. በረዶውን ከገጨች በኋላ ለመስጠም የፈጀባት 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ፊልሙ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይፈጃል። በቪዲዮ ካሴት ዘመን ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ነበር የሚመጣው። መጨረሻው ላይ የሚሞተው ጃክ፣ ሁለተኛውን ካሴት ጎረቤት ተውሶ ባስቀረበት ቤት እስከ ዛሬ በሕይወት አለ።

ጃክ ማነው? የሦስተኛ ማዕረግ ትኬቱን በቁማር የበላ፣ ቋሚ አድራሻ የሌለው ጎረምሳ። የሚወዳት ሮዝ ደግሞ ለሌላ የታጨች ልጅ ናት። ይህንኑ ጎረምሳ የገዛ ልጃቸው ይዛው ብትመጣ፣ ፊልሙን እያዩ የሚያለቅሱት እናት «የማን ልጅ ነህ? ምን ትሠራለህ?» ብለው ገና መልሱን ሳይጨርስ በሩን ያሳዩት ነበር። ቴሌቪዥን ውስጥ ሲሆን ግን «ውይ፣ የኔ አንጀት!»

«11 ኦስካር እኮ ነው!» ይላሉ። እውነት ነው፤ ከዚያ በላይ የወሰደ ፊልም እስከ ዛሬ የለም። ግን ለምን ለምኑ እንደተሰጠ ስንቱ አይቷል? ምርጥ ፊልም ተብሏል፣ ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ወስዷል፤ የቀረው ለካሜራው፣ ለቅንብሩ፣ ለልብሱ፣ ለድምፁ፣ ለሙዚቃው፣ መርከቧን ለሠሩትና ላሰመጡት ነው። ለትወና አንድም የለም። ጃክን ሆኖ ስንቱን ያስለቀሰው ዲካፕሪዮ ጭራሽ አልታጨም፤ ድርሰቱም እንደዚያው። ዳኞቹ ከእኛ ይልቅ ብልጥ ነበሩ ባይ ነኝ። እኔም ብሆን መርከቧ ለሁለት ስትሰነጠቅ ሥራዬን ትቼ አፌን ከፍቼ ነው የማያት፤ ፍቅሩ ላይ ስንደርስ ነው ቡናው ፈልቶ እንደሆነ ለማየት የምነሳው።

ሰው ሁሉ የሚከራከረው ጃክ ውኃው ውስጥ ሲሞት ሮዝ የተረፈችባት ያቺ ተንሳፋፊ እንጨት ሁለት ሰው ትችል ነበር አትችልም በሚለው ነው። ካሜሮን ራሱ ከ25 ዓመት በኋላ ሰዎችን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከትቶ አስሞክሯል። እኔን ያንገበገበኝ ግን አልማዙ ነው። አሮጊቷ ሮዝ ስንት ዘመን የደበቀችውን ዕንቁ፣ የምታስታምማት የልጅ ልጇ እያለች ባሕር ውስጥ ትጨምረዋለች! ለጃክ ሞት ያላለቀሱ አንዲት የሰፈራችን እናት እዚህ ላይ ግን ከመቀመጫቸው ተነሱ፦

«ምነው ሴትዮ! ለእድሩ ብትሰጪው እንኳ ድንኳን ይገዛበት ነበር!»