ሀዋሳ ስንት ከተማ ናት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ድርጅት የደንበኞች መዝገብ ላይ ስሠራ፣ አለቃዬ በየከተማው ስንት ደንበኛ እንዳለን ጠየቁኝ። ቀላል ነው፤ በዳታቤዙ ትእዛዞች በከተማ ስም መቧደን («ግሩፕ ባይ») እና መቁጠር («ካውንት»)። ሠንጠረዡን አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ሀዋሳ ከመቼ ወዲህ ነው አራት የሆነችው?» አሉኝ። ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ ሃዋሳ፣ አዋሳ፤ ሁሉም የየራሳቸውን ድምር ይዘው ተሰልፈዋል።

ለጆሯችን ሀ እና ሐ አንድ ናቸው። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል በሚጠቀምበት የቁጥር ሰንጠረዥ፣ በዩኒኮድ፣ ግን ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው፤ ለዳታቤዙ ከለ እና ከመ የበለጠ ዝምድና የላቸውም። ፀሐይ የሚለውን ስም በሁለቱ ጸ እና በሦስቱ ሀ ብቻ ብንጽፈው ስድስት ሰው ይወጣዋል፣ ሃ እና ኃን ሳንቆጥር። ክፋቱ ደግሞ ስህተት የሚል መልእክት አይመጣም። ድምሩ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ማን ከማን ጋር ይደመር የሚለው ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ መፍትሔው ሆሄውን ሁሉ ወደ አንድ መቀየር ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሰው ስሙን በፀሐዩ ፀ ካስመዘገበ ስሙ ያ ነው፤ ለሪፖርት ምቾት ብለን የምንነካው አይደለም። ዋናውን እንዳለ ትቶ፣ ለመቧደኛ ብቻ የተስተካከለ ሌላ ዓምድ መጨመር ይቻላል። ለከተማማ ምን ሰበብ አለ? ከዝርዝር ይመረጥ፣ በእጅ አይጻፍ።

አማካይም ያው ነው። አንዱ ቅርንጫፍ 10 ደንበኛ በአማካይ 900 ብር፣ ሌላው 1,000 ደንበኛ በአማካይ 100 ብር ቢያስገቡ፣ የሁለቱ አማካዮች አማካይ 500 ብር ይላል። እውነቱ 108 ብር ገደማ ነው። ይህን ስህተት በተከበሩ ስብሰባዎች ላይ በፕሮጀክተር ሲታይ አይቻለሁ።

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን የቀን ጉዳይ ነው። ቀኑ በፈረንጆቹ ተመዝግቦ በወር ሲቧደን፣ ጁላይ ውስጥ ከሰኔ 24 እስከ 30 ያለው ሳምንት ይገባል። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ያለፈው ዓመት የመጨረሻ ሰባት ቀን ከአዲሱ ዓመት ጋር በአንድ መስመር ተደምሮ ይቀርባል ማለት ነው፤ ከዚያ ሒሳብ ክፍልና አይቲ ለሳምንት ይጨቃጨቃሉ።

በእኛ አቆጣጠር እንቧድን ስንል ደግሞ ጳጉሜን ትመጣለች። ለብቻዋ ከቆመች በግራፉ ላይ ገበያው የወደቀ ይመስላል፤ ከነሐሴ ጋር ከተደመረች ነሐሴ ያለ ልፋቱ ይደምቃል። የትኛው ይሁን የሚል መመሪያ በሠራሁባቸው ቦታዎች አላጋጠመኝም። የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ ሪፖርቱ ሊቀርብ ሲል፣ ማታ፣ ማንንም ሳላማክር።