«ዝጋው ባክህ፣ ብርድ ገባ!»

ልጅ ለፈተና የሚያጠናበት ቤት እሁድ ከሰዓት ባትሄዱ ይሻላል። ቡና ልጠጣ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ልጅት ወረቀቷን ይዛ ከች ትላለች፣ ከዚያ ማን ምን ያህል እንደረሳ ሰው ፊት ይወጣል። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ የሳይንስ ክለሳ ላይ ናት። ሕዋ፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ ቁስ አካል፣ መሬት። የዓመቱ ትምህርት ሁለት ገጽ ላይ ተጨምቆ ተሰጥቷታል።

«ፕላኔቶች ስንት ናቸው?» አለች።

«ዘጠኝ!» አለ አማቻችን፣ የሚቀድመው ያለ ይመስል።

«ስምንት ናቸው ጋሼ።»

«ማን ቀነሰው?»

ፕሉቶን ከተራ ያስወጣት ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ፕራግ ተሰብስቦ «ድንክ ፕላኔት» አላት። አማቻችን አልተዋጠለትም። «እኛ ተፈትነን ያለፍንበት ነው እኮ!» ብሎ ድርቅ አለ፣ ማትሪኩ ሊሰረዝበት ይመስል።

ይከራከር። ፕላኔት በዛም አነሰም ጤፍ አይረክስም። እኔን የሚያስቀኝ ሁላችንም ሁለት ሳይንስ ይዘን መኖራችን ነው፤ አንዱ ለፈተና፣ አንዱ ለቤት። ተገናኝተው አያውቁም፣ ቢገናኙም ሰላም የሚባባሉ አይመስለኝም።

ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈሩና እዩት። ትርፍ ተጭኗል፣ ጉልበት ከጉልበት ተጣብቋል፣ ከኋላ አንዱ ያለማቋረጥ ይስላል። እዚያ ውስጥ ካለው ሰው አብዛኛው በልጅነቱ «ሰው ኦክስጅን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል» ብሎ ጽፎ ራይት ተደርጎለታል። የምንስበው አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ነው፣ ስናስወጣው 16 በመቶ አካባቢ ይቀራል፣ ስለዚህ መስኮቱ ተዘግቶ ከመገናኛ ፒያሳ የሚሄድ ሰው ግማሹን መንገድ የሚተነፍሰው የጎረቤቱን ትርፍራፊ ነው። በቀደም አንዱ ጎረምሳ ጨከነና መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ገፋ አደረገው። ወዲያው ከኋላ፣ «ዝጋው ባክህ፣ ብርድ ገባ!» ዞር ብዬ አየሁ። ሰውዬው እጅጌው ላይ የጠመኔ ዱቄት አለ። ክፍል ገብቶ ስለ መተንፈሻ አካላት ሊያስተምር ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

በ2012 ኮሮና የገባ ሰሞን መስኮቶቹ ለጥቂት ወራት ተከፍተው ነበር። አሁን ተመልሰው ተዘግተዋል። ቫይረሱም ወደ ድሮ ስሙ ተመልሷል፦ ብርድ። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው ብሎ አሥር ከአሥር ያገኘ ሁሉ፣ ሲታመም ግን «ብርድ መታኝ» ነው የሚለው።

«ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?»

ይሄኛው ጥያቄ አክስቴን ነካት። የቡና ቁርስ ይሆናል ያለችው የሽምብራ ንፍሮ ከጠዋት ጀምሮ ተጥዶ እምቢ ብሏል። ልጅት «100» ብላ ጻፈች። ልክ ናት፣ ባሕር ወለል ላይ። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ከዚያ አያልፍም። ከሰል ቢጨመር ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። አክስቴ እስካሁን የነጋዴውን ዘር ማንዘር ስትረግም ነበር፣ የከረመ ሽምብራ ሸጠልኝ ብላ። ድስቱን ዳሎል ወስዳ ብትጥደው፣ ቦታው ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ውሃዋ 100ን ትንሽ አልፎ ይፈላላት ነበር። ይህን ነገርኳት።

«አሁን ነጋዴውን ነፃ ልታወጣው ነው?» አለችኝ፣ አንድ እፍኝ ከሰል እየጨመረች።

ታህሳስ ለምን ይበርዳል ለሚለው ደግሞ አክስቴ ራሷ ገባችበት፤ «ፀሐይ ስለምትርቅ ነዋ!» እንደውም መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። የምትርቀው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ወቅት የሚመጣው መሬት 23.5 ዲግሪ ያህል ስላዘነበለች ነው፤ የኛ የታህሳስ ሌሊት የሚቀዘቅዘው ደግሞ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን የገባው ሙቀት ሽቅብ ስለሚያመልጥ ነው። ደመና ስለሌለን ጋቢ እንደርባለን።

መሬት የሚለው ክፍል ላይ ስንደርስ ቤቱ ሞቀ። የ2017 ታህሳስና ጥርን ማን ይረሳል! ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ እኛ ኮንዶሚኒየም ድረስ ይመጣ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ከላይ ያሉት በሌሊት በርበሬ የሚወቅጡ መስሏት፣ ልትጣላ ደረጃውን ስትወጣ እነሱ በቢጃማ ሲሮጡ መሐል ላይ ተገናኙ። እስከ ዛሬ ሲገናኙ ይሳሳቃሉ።

ልጅት ሸመደደችልን፦ የመሬት ቅርፊት የተለያዩ ጠፍጣፋ ክፍሎች አሉት፣ ስምጥ ሸለቆው ላይ በየዓመቱ በሚሊ ሜትሮች ይራራቃሉ። እኔም ጨመርኩበት፤ ያው ፕሉቶ በወረደችበት በ1998፣ መስከረም ላይ፣ አፋር ደባሁ አካባቢ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ ተከፍቶ፣ በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል።

አማቻችን ስኒውን አስቀመጠ። ሥራው የቤትና የቦታ ደላላ ነው።

«መሬት እየሰፋ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እና የጨመረው ካሬ በማን ስም ነው ካርታ የሚወጣለት?»

ልጅት ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየችው።

«እሱ ክለሳው ላይ የለም።»