ስም ያልዞረላቸው ቤቶች

በአዲስ አበባ ቤት የሸጠ ወይም የገዛ ሰው አንድ ቤት ሁለት ዋጋ እንዳለው ያውቃል። አንደኛው ሻጭና ገዢ በደላላ መካከለኛነት ተከራክረው የተስማሙበት፣ ቀብድ የተከፈለበትና ገንዘቡም በሙሉ የተቆጠረበት ዋጋ ነው። ሁለተኛው በሽያጭ ውሉ ላይ የሚሰፍረው፣ ከመጀመሪያው አንሶ፣ አንዳንዴም ከግማሹ በታች ሆኖ የሚጻፈው ነው። ልማዱ ከመደጋገሙ የተነሣ እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ የሚል ገዢ እንደ የዋህ ይታያል፤ ሻጩም ደላላውም ገንዘብህን ለምን ትጥላለህ ይሉታል። ይህ የሆነው የከተማው ነዋሪ ከሌላው የተለየ ሐሰተኛ ስለሆነ አይደለም። እውነቱን የጻፈ ሰው የሚጠየቀው ክፍያ እጅግ ስለሚከብድ ነው፤ እኔም ይህ ክፍያ በስሙም በመጠኑም ሊስተካከል ይገባዋል እላለሁ።

በመጀመሪያ ክፍያው ከምን ከምን እንደሚደመር እንይ። የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 በንብረት ባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ ላይ የንብረቱን ዋጋ 2 በመቶ ጥሏል። በዚህ ላይ ሕዝቡ አሹራ የሚለው፣ በአዲስ አበባ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የከተማው የስም ማዛወሪያ ክፍያ 4 በመቶ ይታከላል። ቤቱ ለንግድ ሲያገለግል የኖረ ከሆነ ደግሞ ሻጩ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በሽያጩ ባገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ የሚታሰብ ግብር አለበት። ይህ የመጨረሻው በእውነተኛ ትርፍ ላይ የተጣለ ስለሆነ ከሞላ ጎደል ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁና አልከራከርበትም። ክርክሬ ትርፍ ኖረም አልኖረም በጠቅላላው ዋጋ ላይ በሚታሰበው 6 በመቶ ላይ ነው። በ8 ሚሊዮን ብር ቤት የገዛ ቤተሰብ 160,000 ብር ለቴምብር፣ 320,000 ብር ለአሹራ፣ በድምሩ 480,000 ብር ሳይከፍል ካርታው በስሙ አይዞርለትም። ይህ ገንዘብ የሚጠየቀው ደግሞ ቤተሰቡ ጥሪቱን አሟጦ፣ ዕቁቡን ቀድሞ ወስዶ፣ ከዘመድ ተበድሮ የቤቱን ዋጋ ከፍሎ በጨረሰ ማግስት ነው።

አሹራ በመዝገብ ስሙ የአገልግሎት ክፍያ ነው። የአገልግሎት ክፍያ ማለት ግን መንግሥት ለአንድ ሰው ለይቶ ለሠራለት ሥራ ያወጣውን ወጪ የሚያስመልስበት ክፍያ ነው። በክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ስም ሲዛወር የሚሠራው ሥራ ይታወቃል፤ ማኅደሩ ከመዝገብ ቤት ይወጣል፣ ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩ ይጣራል፣ አስፈላጊ ሲሆን ልኬት ይወሰዳል፣ ካርታው በአዲሱ ባለይዞታ ስም ታትሞ ይፈረማል። ማኅደሩ የ2 ሚሊዮን ብር ኮንዶሚኒየምም ይሁን የ20 ሚሊዮን ብር ቪላ የሠራተኛው ድካም፣ የሚፈጀው ቀንና ወረቀቱ ያው ነው። ክፍያው ግን በአንዱ 80,000፣ በሌላው 800,000 ብር ይሆናል። ወጪው ሳይለያይ ክፍያው በዐሥር እጥፍ ከተለያየ የተሰበሰበው ግብር ነው። ግብር ደግሞ በግብርነቱ ሊጠራ፣ በምክር ቤት በግልጽ ክርክር ሊደረግበትና የሚከፍለው ሰው አቅም ሊመዘንበት ይገባል። የከተማዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ለአስተዳደሩ ገቢ የመሰብሰብ ሥልጣን ሰጥቶታልና ጥያቄዬ ስለ ሥልጣኑ አይደለም፤ ሥልጣኑ በምን ስምና በምን መለኪያ ሥራ ላይ ይዋል የሚል ነው።

በዋጋ ላይ በመቶኛ የሚታሰብ ክፍያ ሌላም ጠባይ አለው። ማንም አዲስ ሕግ ሳያወጣ በራሱ ያድጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋም አብሮ ሲወጣ፣ የደመወዝተኛው ገቢ በዚያው ልክ አልጨመረም። የቤቱ ዋጋ በብር ሲቆጠር ከፍ ባለ ቁጥር ግን ከተማው ከአንድ ዝውውር የሚያገኘው ይጨምራል። ቤቱ አልሰፋም፣ ሠፈሩም አዲስ መንገድ አላገኘም፤ የብሩ የመግዛት አቅም ነው የወረደው። እንዲህ ያለውን ጭማሪ የጠየቀ፣ ያስረዳ ወይም ያጸደቀ ባለሥልጣን የለም።

ሸክሙ በነዋሪዎች መካከል የሚከፋፈልበት መንገድም ያሳስበኛል። በቦሌ ሰፊ ቪላ ይዞ ለሠላሳ ዓመት ከቦታው ያልተነሣ ሰው በእነዚያ ዓመታት ስም ማዞሪያ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም፤ በአዋጅ ቁጥር 80/1968 መሠረት ሲሰበሰብ የኖረው የቤት ግብርም እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በዓመት ተጠራቅሞ ከቪላው የአንድ ወር ኪራይ ያነሰ ነበር። በአንጻሩ በቱሉ ዲምቱ ስቱዲዮ ገዝቶ ትዳር የጀመረ ወጣት፣ ልጅ ሲወለድለት ወደ ባለ አንድ መኝታ፣ የሥራ ቦታው ሲቀየር ወደ የካ አባዶ፣ አረጋዊ እናቱ አብረውት መኖር ሲጀምሩ ወደ ባለ ሁለት መኝታ ቢዛወር፣ ከመጀመሪያው ግዢ በኋላ ሦስት ጊዜ 6 በመቶ እየከፈለ ነው። ሀብቱ ከቪላው ባለቤት ብዙ እጅ ያነሰ ነው፤ ለከተማው ያዋጣው ግን ይበልጣል። የዚህ ክፍያ መለኪያ መንቀሳቀስ እንጂ ሀብት አይደለም፤ ሰው ደግሞ ቤት የሚለውጠው አብዛኛውን ጊዜ ሲያገባ፣ ሲወልድ፣ ሲታመም፣ ሲፋታ ወይም ጡረታ ሲወጣ ነው።

ወደ ሁለቱ ዋጋዎች ልመለስ። ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ የሚጎዳው የከተማውን ካዝና ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ የሚጎዳው ግን ገዢው ራሱ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2005 በጽሑፍ የተደረገ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ስለ ስምምነታቸው ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ እንደሆነ ይደነግጋል። 8 ሚሊዮን ብር ከፍሎ ውሉ ላይ 2 ሚሊዮን ያስጻፈ ሰው፣ ሽያጩ ነገ በአንድ ምክንያት ቢፈርስና ፍርድ ቤት ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሱ ቢል፣ በእጁ ያለው ሰነድ የሚናገርለት ስለ 2 ሚሊዮኑ ነው። የቀረውን 6 ሚሊዮን መክፈሉን ለማስረዳት የራሱን ፊርማ መካድ ይኖርበታል። መሥሪያ ቤቱም ቢሆን የውሉን ዋጋ እንዳለ አይቀበልም፤ የራሱን ግምት አውጥቶ ከሁለቱ በሚበልጠው ላይ ያስከፍላል። ስለዚህ ሦስተኛ ዋጋ ይፈጠራል። ይህ ሦስተኛው ዋጋ እንዴት እንደተሰላ ለባለጉዳዩ በዝርዝር የማይነገር በመሆኑ በገማቹና በባለጉዳዩ መካከል መነገር ለሌለበት ንግግር ቦታ ይከፍታል። ንግድ ቤት ሲሆን ደግሞ ሐሰቱ ይወራረሳል፤ ዛሬ በዝቅተኛ ዋጋ የገዛ ሰው ነገ በእውነተኛው ዋጋ ቢሸጥ በወረቀት ላይ ያላገኘውን ትርፍ እንዳገኘ ተቆጥሮ 15 በመቶ ስለሚጠየቅበት፣ እሱም በተራው ገዢውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ ይለዋል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ቤቱ ተሽጦ ስሙ ጨርሶ አለመዞሩ ነው። ያው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ለውክልና ሰነድ የተመነው 35 ብር ነው። በአንድ በኩል 480,000 ብር፣ በሌላ በኩል 35 ብር ባለበት ሰው ወዴት እንደሚያዘነብል ለመገመት አያዳግትም። ሻጩ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ለገዢው ወይም ገዢው ለመረጠው ሰው ቤቱን የመሸጥ፣ የመለወጥና የማስተዳደር ውክልና ይሰጣል፣ ካርታው በሻጩ ስም ይቀራል። ዕጣ የወጣለት ኮንዶሚኒየም ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ የሚከለክለው ድንጋጌ ይህን መንገድ ቀድሞ አስለምዶት ነበር፤ የዝውውር ክፍያው ክብደት ደግሞ አምስቱ ዓመት ካለፈም በኋላ ብዙዎች በዚያው እንዲቀሩ አድርጓቸዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም በወንድም ወይም በአጎት ውክልና የገዙትን ቤት በዚሁ ሁኔታ የያዙ አያሌ ናቸው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አቋም ግን ግልጽ ነው። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ ወካይ ሲሞትም ውክልናው በቁጥር 2232 መሠረት ይቀራል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ቁጥር 1723 ያዛል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ሥርዓት ያልተከተለ ውል በሕግ ፊት እንደማይጸና ወስኗል። በሠፈራችን ባለቤታቸው ከማረፋቸው በፊት በውክልና የገዙትን ኮንዶሚኒየም ይዘው የቀሩ እናት አሉ። ሻጩ ከሞተ በኋላ ወራሾቹ ቤቱ የአባታችን ነው ብለው መጡ። እኚህ እናት ልጆቻቸውን ያሳደጉበት፣ ውኃና መብራቱን ለዓመታት የከፈሉበት ቤት ውስጥ ሆነው የባለቤትነት ማስረጃ ሲጠየቁ ያቀረቡት የሞተ ሰው የፈረመውን የውክልና ወረቀት ነበር። ባልየው ስም ማዞሪያውን ለከርሞ ያሉት ገንዘቡ ስላልሞላላቸው እንደነበር እሳቸው እንባ እየተናነቃቸው ነግረውኛል።

ከተማው ገቢ ያስፈልገዋል፤ መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም የሚሠራው በነዋሪው ገንዘብ ነው። ሚሊዮኖችን ከፍሎ ቤት የገዛ ሰው 6 በመቶ ቢጨምር ምን ይጎዳዋል የሚሉትም ከቅንነት እንደሆነ እረዳለሁ። ነገር ግን በከፍተኛ መጠን የተጣለና የሚሸሽ ክፍያ የሚያስገባው ገንዘብ በዝቅተኛ መጠን ተጥሎ ሁሉም ከሚከፍለው እንደሚበልጥ ማንም አላረጋገጠልንም። ባለ 8 ሚሊዮን ብሩ ቤት በ2 ሚሊዮን ከተመዘገበና ግምቱም ካልጨመረ ከተማው ከአሹራ የሚያገኘው 80,000 ብር ነው፤ በእውነተኛው ዋጋ ላይ 1 በመቶ ብቻ ቢጠየቅም የሚገባው ያው 80,000 ብር ነው። በውክልና ከተሸጠው ቤት ደግሞ ምንም አያገኝም።

አሁን ይህን ለማስተካከል ጊዜው አመቺ ነው የምለው በምክንያት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል፤ በዚህም ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በቤትና በመሬት ይዞታ ላይ በየዓመቱ ግብር የሚሰበስቡበት ሥርዓት ተከፍቷል። በየዓመቱ ግብር የሚከፈልበትን ቤት በተሸጠ ቁጥር በድጋሚ በመቶኛ ማስከፈል አንዱን ንብረት በሁለት ወገን መያዝ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ካንቤራ የምትገኝበት ግዛት በ2012 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በንብረት ዝውውር ላይ የሚጣለውን ቀረጥ በ20 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ አስቀርቶ በዓመታዊ የይዞታ ክፍያ ለመተካት ጀምሯል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት እስራኤል ደግሞ ብቸኛ መኖሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው እስከተወሰነ የዋጋ እርከን ድረስ ከግዢ ግብር ነጻ ነው፤ ግብሩ የሚጀምረው ከዚያ በላይ ባለው ዋጋ ላይ ነው። ለእኛ የሚስማማው ልክ እንደ እነሱ ላይሆን ይችላል፤ መነሻው ግን መኖሪያውን የሚገዛን ሰው አምስተኛ ቤቱን ከሚገዛው ለይቶ ማየት ነው፤ በእኛ ከተማ ሁለቱም እኩል 6 በመቶ ይጠየቃሉ።

ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት የስም ማዛወሪያውን የአገልግሎት ክፍያ ሥራው በሚጠይቀው ወጪ ልክ ቁርጥ ባለ ብር ይወስነው። ከዚያ በላይ የሚሰበሰበው በግብርነቱ ይጠራ፤ ለብቸኛ መኖሪያ ቤት ዝቅተኛ ይሁን፤ የዓመቱ የንብረት ግብር በተጠናከረ መጠንም እየቀነሰ ይሂድ። የቤት ግምት ሰንጠረዡ በየሠፈሩና በየቤቱ ዓይነት ተዘጋጅቶ ማንም ሰው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሳይሄድ እንዲያየው ይውጣ፤ ባለጉዳዩ ተገምቶ የመጣለትን ዋጋ የሚቃወምበት፣ ከገማቹ መሥሪያ ቤት ውጭ የሆነ ሰሚም ይኑር።

በውክልና ለተያዙት ቤቶች ደግሞ የተለየ የጊዜ ገደብ ያስፈልጋል። ሻጩ በሕይወት ባለበት ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ቀርበው ሽያጩን ቢያረጋግጡ ያለ ቅጣትና በቅናሽ ክፍያ ስሙ የሚዞርበት፣ ቢያንስ አንድ የበጀት ዓመት የሚቆይ ዕድል ይሰጥ። ወካዮቹ እያረጁ፣ አንዳንዶቹም ከአገር እየወጡ ነው፤ በሚቀጥለው ሐምሌ 1 ቢጀመር ቀርበው መፈረም የሚችሉ ሻጮች አሁንም ብዙ ናቸው።