ይድረስ ለክቡር 91፤ ብቸኛ ነኝ ባይ ለሆኑት

ለክቡር 91
በ89 እና በ97 መካከል ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ማዕረግዎ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል ቁጥር፣ መስሎ መታየትን ይመለከታል።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ጣጣ በቀር ደህና ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ በሒሳብ ፈተና ላይ «ብቸኛ ቁጥሮችን መርጣችሁ ክበቡ» ተብዬ እርስዎን በሙሉ ልብ ከበብኩ፤ መምህሬም በቀይ እስክሪብቶ ክበቡን ሰረዙት። ነገሩን ልጅነት ነው ብዬ ትቼው ነበር፤ ትናንት ግን ልጄ በዚያው ቁጥር፣ በዚያው ቀይ ምልክት የተሰረዘ ወረቀት ይዛ ስለመጣች፣ ቂሙ የቤተሰብ መሆኑን በዚህ ደብዳቤ ላሳውቅዎ ተገድጃለሁ።

አለባበስዎ እንከን እንደሌለው አልክድም። የመጨረሻው አሃዝዎ 1 በመሆኑ ለ2ም ለ5ም እንደማይካፈሉ ማንም በዓይኑ ያየዋል። 9 እና 1 ሲደመሩ 10 ይሆናሉ፤ 10 ለ3 ስለማይካፈል እርስዎም አይካፈሉም። አብዛኛው ተማሪ በቃሉ የያዘው የመፈተኛ ደንብ እዚህ ላይ ያልቃል፤ እርስዎም ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁ ይመስል በሦስቱ በር ጠባቂዎች ፊት አንገትዎን ቀና አድርገው ያልፋሉ። እንደ እርስዎ በ1 የሚጨርሰው 51 እንኳ፣ አሃዞቹ ተደምረው 6 መሆናቸው በተነገረው ጊዜ አፍሮ፣ 3 ጊዜ 17 መሆኑን ወዲያው ይናዘዛል።

አራተኛው ጠባቂ 7 ነው፤ ተንኮልዎም ያለው እዚህ ላይ ነው። 10 ጊዜ 10 መቶ ስለሆነ፣ ከመቶ በታች ያለ ቁጥር ከ1ና ከራሱ ሌላ አካፋይ ካለው ቢያንስ አንዱ ከ10 በታች መገኘቱ አይቀርም፤ ስለዚህ እርስዎን ለመመርመር 2ን፣ 3ን፣ 5ንና 7ን መሞከር ይበቃል። ከመቶ በታች ካሉት ብቸኛ ያልሆኑ ቁጥሮች ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አምልጠው 7 እጅ ላይ የሚወድቁት 49፣ 77 እና እርስዎ ብቻ ናችሁ። 49ኝን ልጅ ሁሉ 7 ጊዜ 7 ብሎ ሸምድዶታል፤ 77 ደግሞ መንታ አሃዞቹ ራሳቸው 11 አለብኝ እያሉ ያሳብቁበታል። እርስዎ ግን 7 ጊዜ 13 ነዎት። ደብተር ጀርባ ላይ የሚታተመው የማባዣ ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ 12 ላይ ስለሚቆም፣ ከአጥሩ አንዲት እርምጃ ብቻ ወጣ ብለው መደበቅዎ በአጋጣሚ ነው ብሎ ማመን ይከብደኛል። «ብቸኛ ነኝ» እያሉ ሁለት አካፋዮች ቤት ውስጥ ሸሽጎ ማኖር፣ በሰው ዘንድ ቢሆን ስንት ሽማግሌ ባስቀመጠ ነበር!

የሚያስቀው ደግሞ፣ ለ7 መካፈልን ለመፈተን የመጨረሻውን አሃዝ እጥፍ አድርጎ ከቀሪው ላይ መቀነስ የሚባል ዘዴ መኖሩን ከብዙ ዓመት በኋላ ማወቄ ነው። 1 ሲታጠፍ 2፣ ከ9 ላይ 2 ሲቀነስ 7። ምስጢሩ ከራስዎ አንደበት ወጣ ማለት ነው!

ጉዳቱ በአንድ ነጥብ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። ላዕሉ 91፣ ታህቱ 119 የሆነ ክፍልፋይ «ከዚህ በላይ አይቃለልም» ብዬ በኩራት ያስረከብኩበት ቀንም ነበር። 119 የ7 እና የ17 ብዜት ስለሆነ መልሱ ላዕሉ 13፣ ታህቱ 17 ነበር። 182ንም «2 ጊዜ 91» ብዬ ተንትኜ፣ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ከሌላው ተማሪ ቀድሜ እስክሪብቶዬን አስቀምጫለሁ።

ለማታለል ልጆችን ብቻ እንዳልመረጡ ግን መመስከር አለብኝ። ፈርማ የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ባገኘው ሕግ መሠረት፣ 3 ራሱን እያባዛ 90 ጊዜ ተደርድሮ ውጤቱ ለ91 ሲካፈል፣ እርስዎ በእውነት ብቸኛ ቢሆኑ ኖሮ ቀሪው 1 መሆን ነበረበት፤ ብቸኛ ሳይሆኑም 1 ሆኖ ይገኛል። በ3 በኩል ይህን ፈተና ከሚያልፉ አስመሳዮች ሁሉ በመጠን ትንሹ እርስዎ ነዎት። ደግነቱ በ3 ቦታ 2 ሲገባ ቀሪው 64 ሆኖ ይጋለጣሉ። ለነገሩ ፈርማ ራሱም ቢሆን 4,294,967,297ን ብቸኛ ነው ብሎ አምኖ ነበር፤ ለ641 እንደሚካፈል ኦይለር የተባለው ሌላ የሒሳብ ሊቅ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1732 ነው። የእርስዎ ዘመድ መሆን አለበት።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በየፈተናው ወረቀት ላይ ሲቀርቡ «7 × 13» የሚል መታወቂያ ደረትዎ ላይ አንጠልጥለው እንዲመጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህ የማይመችዎ ከሆነ፣ የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ብቸኛ ቁጥሮችን ለመለየት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ባበጀው ወንፊት ውስጥ የ7 ብዜቶች ሲሰረዙ ቢያንስ ድምፅ ያሰሙ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
አንድ ነጥብ የተቀነሰበት

ግልባጭ፦
ለ57፤ የ3 እና የ19 ብዜት ሆነው ሳለ በዚሁ ጠባይ ስለሚታሙ፣ እንዲያውቁት።
ለ119 እና ለ133፤ ከ7 ጋር ያላችሁ ዝምድና የተደረሰበት ስለሆነ፣ እንድትዘጋጁበት።
ለ19፤ እርስዎ የ91 እውነተኛ ግልባጭ ሆነው ሳለ ያለ አንዳች ማጭበርበር ብቸኛ ስለሆኑ፣ ለመረጃ ያህል ብቻ።