አንድ ኅሊና፣ ያለ ስኳር

ዛሬ ለምስጋና ነው የተነሣሁት። ተመስጋኙ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች፣ ወንበራቸው ምቹ በሆነ ካፌዎች ውስጥ የሚገኝ ደግ ሰው ነው። ታውቁታላችሁ። ቡና ከማዘዙ በፊት ይጠይቃል። «ከየት ነው?» ከፔሩ። «ኦርጋኒክ ነው?» ነው። «ፌር ትሬድስ?» (ለገበሬው ተገቢ ዋጋ ተከፍሎታል የሚል ማኅተም ነው።) እሱም ነው። «ከአነስተኛ ገበሬዎች?» አዎ ጌታዬ፣ በጣም አነስተኛ ናቸው። ይሄኔ ትከሻው ዘና ይላል። አምስት ዶላሩን ከፍሎ ቡናውንም ጽድቁንም በአንድ ኩባያ ይዞ ይወጣል።

እድሜ ይስጠው! እኛ ጋ የሚመጸውት ሰው ስንት ጣጣ አለበት። ጎንበስ ማለት አለ። ኪስ መፈተሽ አለ። «ስለ እመብርሃን» ሲባል ቆሞ መስማት አለ። ተቀባዩን ፊት ለፊት ማየትም አለ። ይሄኛው ግን ከሁሉም ነፃ ነው። ተቀባዩ አንዲስ ተራራ ላይ ስለሆነ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ካርዱን ጠጋ ያደርጋል፣ ጢጥ ይላል፣ አለቀ።

ደግሞ ማንን እንደረዳ በደንብ ያውቃል፤ ማሸጊያው ላይ ፎቶው አለ። ገበሬው ይስቃል። የቡና ገበሬ ማሸጊያ ላይ ሲያዝን ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ባርኔጣ አድርጓል፣ ቀይ እሸት ቡና በሁለት እጁ ዘግኗል፣ ከኋላው ጉም የለበሰ ተራራ አለ። ከሥሩ ስሙ ተጽፏል፤ የአባቱ ስም ግን የለም። ምን ያደርጋል? ጠጪያችን ስልክ ሊደውልለት አይደል።

የፈገግታው ሙያ ደግሞ የቆየ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጽድቁም የእነሱ ነውና።) የኮሎምቢያ ቡና አምራቾች ፌዴሬሽን የተቋቋመው በ1927 ነው። በ1959 ለአሜሪካ ገበያ ፊቱን የሚያሳይ አንድ ገበሬ አስፈለገው። አገሩ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ የቡና አምራች ቤተሰቦች የተሞላ ነው፤ አንዱን «ና እስቲ» ቢሉት ይመጣ ነበር። ግን ለምን? የኒው ዮርክ የማስታወቂያ ድርጅት ተቀጠረና ሁዋን ቫልዴዝ የሚባል ገበሬ ፈጠረ። ባርኔጣ አደረገለት፣ ኮንቺታ የምትባል በቅሎ ሰጠው። መጀመሪያ የተጫወተውም ኩባ የተወለደ ተዋናይ ነው። ከቡድኑ ውስጥ ለገጠር የሚቀርበው በቅሎዋ ሳትሆን አትቀርም።

እስቲ አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ደግነትና ሒሳብ አይስማሙም፤ ግን ቶሎ እጨርሰዋለሁ።

የፌር ትሬድ ማኅተም ሁለት ነገር ያስከፍላል። አንደኛው የወለል ዋጋ ነው። ገበያው የፈለገውን ያህል ቢወድቅ ገዢው ከዚያ በታች አይከፍልም። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ወለሉ ለታጠበ አረቢካ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው፤ ኦርጋኒክ ከሆነ 40 ሳንቲም ይጨመርበታል። ሁለተኛው ፕሪሚየም የሚሉት ነው፤ በፓውንድ 20 ሳንቲም። የሚገባው ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው። ጉባኤው ይሰበሰብና ለመንገድ ይሁን፣ ለትምህርት ቤት ይሁን፣ ለመፈልፈያ ማሽን ይሁን ይወስናል። በእኛ ሚዛን ለአንድ ፈረሱላ ሰባት ዶላር ተኩል ገደማ ማለት ነው።

አንድ ፓውንድ ጥሬ ቡና ሲቆላ ይቀላል፤ 380 ግራም ገደማ ይቀራል። ለአንድ ኩባያ 18 ግራም ብንይዝ 21 ኩባያ ይወጣዋል። እንግዲህ 20 ሳንቲሙን ለ21 አካፍሉት። አንድ ሳንቲም አልሞላም! ጠጪያችን ለገበሬው መንደር መንገድ የሚያስጠርግባት፣ ትምህርት ቤት የሚያሠራባት ድርሻ ይቺ ናት። መንገድ ላይ ወድቃ ቢያያት ረግጧት ያልፋል። ይባስ ብሎ አሜሪካ በ2025 የአንድ ሳንቲም ገንዘብ ማተም አቁማለች፤ ማተሚያው ከራሱ ከሳንቲሙ በላይ ያስወጣል ተብሎ። የደጉ ሰው ምጽዋት ገንዘብ መሆኗ ራሱ ቀረ።

ለባሪስታዋ ጉርሻ የሚጠይቀው ስክሪን ሲዞርለትስ? ሃያ በመቶ ይላል፤ አንድ ዶላር። ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ ያጨማድዳል። ለዚች መሃል ከተማ ቆማ ለምትቀዳለት ልጅ አንድ ዶላር በዛበት፤ ፔሩ ላለው ግን አንድ ሳንቲም ሳትሞላ ከፍሎ ሰውነቱ ሁሉ በራ። ልግስና ርቀት ሲጨምር እየቀለለ መሄዱ ድንቅ ነው።

ያቺም ብትሆን የምትደርሰው ቡናው በማኅተሙ ውል ከተሸጠ ነው። ማኅበሩ ምርቱን በሙሉ ያስመረምራል፣ ለማረጋገጫው ይከፍላል። ገዢው የሚያነሣው ግን የፈለገውን ያህል ብቻ ነው። የቀረው ያው ከአንድ ማሳ የተለቀመ፣ በአንድ ውኃ የታጠበ ቡና በተራ ዋጋ ይሄዳል። ላም አለኝ በሰማይ ይሏችኋል ይሄ ነው። ማኅተሙም ቢሆን አንድ አይደለም። በ2011 የአሜሪካው ድርጅት ከዓለም አቀፉ ተለይቶ የራሱን ምልክት ይዞ ወጣ፤ በማኅበር ያልተደራጁ ገበሬዎችና ትልልቅ የቡና እርሻዎችም ይግቡ ብሎ። ጠጪያችን ይህን ልዩነት ያውቃል? አያውቅም። ማወቅም የለበትም፤ ሁለቱም ምልክቶች ያምራሉ።

ኦርጋኒክ ወደሚለው እንሂድ። ፔሩ ኦርጋኒክ ቡና በብዛት ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ግንባር ቀደም ናት። ከሰሜን ካሃማርካ እስከ ደቡብ ፑኖ፣ በሁኒንና በኩስኮ ተዳፋት ላይ፣ ሁለትና ሦስት ሄክታር ያላቸው ቤተሰቦች ያመርቱታል። ከእነዚህ አንዱ ኦርጋኒክ ለመባል ሦስት ዓመት መጠበቅ አለበት። በሦስቱ ዓመት ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ አይነካም፤ ምርቱ ይቀንሳል። ዋጋው ግን ገና አይጨምርም፤ «ሽግግር ላይ» ነውና። አቤት ትዕግሥት! ጠጪያችን እኮ ወረፋው ስድስት ሰው ከደረሰ ወደ ሌላ ካፌ የሚሄድ ሰው ነው።

በ2012 እና በ2013 የቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ ከመካከለኛው አሜሪካ እስከ ፔሩ የቡና ቅጠሉን አራገፈው። አንዳንዱ ገበሬ ያረጀ ዛፉን ነቅሎ በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ተከለና ፍሬ እስኪይዝ ዓመታት ጠበቀ። አንዳንዱ ኮኬይን የሚሠራበትን ኮካ ተከለ። አይፈረድበትም። ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል፤ ኮካ ሦስት አራቴ። የኮካ ገዢ ደግሞ የማረጋገጫ ወረቀት አይጠይቅም፣ ፎቶ አያነሣም፣ «ልጆችህ ስንተኛ ክፍል ናቸው?» አይልም። ጥሬ ገንዘቡን ይዞ በር ድረስ ይመጣል።

ለዚህ መፍትሔው ተጨማሪ ወረቀት መሆኑን ያወቀችው ብራስልስ ናት። በአዲሱ የአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ሕግ መሠረት በአንድ ማረጋገጫ የሚጠቃለል የገበሬዎች ቡድን ከ2,000 አባል መብለጥ የለበትም። ብዙ ሺህ አባል ያላቸው ማኅበራት ተከፋፈሉ ተባሉ፤ እያንዳንዱ ክፋይ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት፣ የራሱ ተቆጣጣሪ፣ የራሱ ወጪ። ጽድቅ ከሁለት ሺህ ሰው በላይ ሲሆን ይቆረፍዳል መሰለኝ። በ2023 የወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግም አለ፤ የእያንዳንዱ ማሳ የጂፒኤስ ነጥብ ይቅረብ ይላል። ተፈጻሚነቱ ዛሬ ነገ እየተባለ ይገፋል፤ ገበሬው ግን ስልክ ይዞ ማሳውን መዞር ጀምሯል። የጠጪያችንን ቤት አድራሻ ብትጠይቁት? በፍጹም! የግል መረጃ ነው።

አምራቾቹስ ራሳቸው ምን ይጠጣሉ? ፔሩ ውስጥ ብዙ ቤት የሚጠጣው በማንኪያ ተጨልፎ ሙቅ ውኃ ውስጥ የሚሟሟውን ነው። ጥሩው ተልኳል። ኮሎምቢያም ለራሷ ሕዝብ ከጎረቤት አገር ቡና ታስገባለች። በዚህ እንኳ እኛን የሚያህል የለም፤ ከምናመርተው ግማሹን ገደማ ራሳችን እንጠጣዋለን፤ ያውም ሦስቴ ተደግሞ፣ በፈንድሻ።

ወገኖቼን ሳላመሰግን ባልፍ ደግሞ ይቀየሙኛል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ሐበሻ የሥራ ባልደረቦቹ የፔሩ ቡና ሲያፈሉ ዝም አይልም። «ቡና የኛ ነው!» ይላል። በ1727 ብራዚል የገባው ዘር መነሻው ከኛ መሆኑን ይተርካል። ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር የነበረውን ክርክር፣ በ2007 የተደረሰውን ስምምነት፣ ራሱ የፈረመ ያህል ያስረዳል። ከዚያ አንዱ ፈረንጅ በየዋህነት «የይርጋጨፌ ገበሬ በኪሎ ስንት ያገኛል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሐበሻችን ያስነጥሰዋል። ስልኩ ይጮኻል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሱፐርማርኬት ጎራ ብሎ የፔሩን ይገዛል፤ ቅናሽ ላይ ነበር። ከፋ ጫካ ውስጥ ማዳበሪያ በስም እንኳ ሳያውቅ የበቀለው ቡናችንም «ኦርጋኒክ» ለመባል የፈረንጅ መርማሪ መጠበቁን አይነግራቸውም። አላወቀማ።

እውነቱን ግን እውነት ማለት አለብን። ነገሩ በሽሙጥ አልተጀመረም። ሜክሲኮ፣ ኦሃካ ውስጥ ከቡና ገበሬዎች ጋር ይኖር የነበረው ሆላንዳዊው ካህን ፍራንስ ቫን ደር ሆፍ በ1988 ከአጋሮቹ ጋር የመጀመሪያውን ማኅተም ሆላንድ ውስጥ ሲያስወጣ ገበሬዎቹ ምጽዋት አልጠየቁም፤ የድካማችንን ክፈሉን ነው ያሉት። በዓመቱ፣ ማለትም በ1989፣ መንግሥታት ኮታ እየመደቡ ዋጋውን የሚደግፉበት ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ፈረሰ። ዋጋው ተንኮታኮተ። በ2001 ኒው ዮርክ የሸቀጥ ገበያ ላይ ፓውንዱ ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር፤ ያኔ የማኅተሙ ወለል ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ያቺ ወለል ማሳቸውን ከመተው ያዳነቻቸው አሉ። እኔ የምገረመው በሌላው ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ መንግሥታት ሲመክሩበት የኖሩት ጉዳይ ሲፈርስ ማን ተረከበው? ላፕቶፑን ከፍቶ መስኮት አጠገብ የተቀመጠው ደጉ ሰውዬ። በአንድ ሳንቲም!

ፈተናው የመጣው በቅርቡ ነው። ብራዚልን ድርቅ መታት፣ የቬትናምም ምርት አነሰ፤ በፌብሯሪ 2025 አረቢካ ኒው ዮርክ ላይ በፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ። ከወለሉ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ማኅተም ሳያስፈልገው፣ ፎቶ ሳይነሣ፣ ዋጋው ራሱ ወጣ። ደላላው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ማሳ ድረስ መምጣት ጀመረ። ማኅበሮቹ ቀድመው በገቡት ውል ተይዘው ከአባሎቻቸው ቡና ማግኘት ቸገራቸው። እንዲህ ያለው በ2021 ኮሎምቢያ ላይም ታይቷል፤ ዋጋው ሲወጣ ብዙ ገበሬዎች በርካሽ የተዋዋሉትን ቡና አላስረከቡም። ያኔ ያዘኑ ገዢዎች ነበሩ። ገበሬው መነገድ መጀመሩ አሳዘናቸው።

ይህን ሁሉ ዓመት ለገበሬው ተገቢ ዋጋ ሲጸልይ የኖረው ጠጪያችን ጸሎቱ ሲሰማለት በደስታ ሊያለቅስ ይገባው ነበር። እውነትም አለቀሰ። ካፌው ኩባያው ላይ 50 ሳንቲም ጨመረበታ! «ይሄማ ዘረፋ ነው» አለ። ባለቤቱን አስጠራ። ለሁለት ሳምንት ቤቱ አፈላ። የገበሬው ፎቶ ያለበትን ከረጢት መደርደሪያው ላይ አንሥቶ ዋጋውን አየና መልሶ አስቀመጠው፤ ገበሬው መሳቁን አላቆመም።

አሁን ማቻ ወደሚሉት የሻይ ዱቄት ተዛውሯል አሉ። ጃፓን ያላችሁ ሻይ አምራቾች፣ ባርኔጣ ግዙ።