ማስተካከያ፦ የጄኔቫው ስምምነት የባለቤትነት መብት አይሰጥም

ስለ ጄኔቲክ ሀብት (በተክሎች፣ በእንስሳትና በረቂቅ ተሕዋስያን ውስጥ ስላለው የዘር ሀብት) እና ስለ ባህላዊ ዕውቀት ባወጣነው ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ስምምነት ለማኅበረሰቦች የባለቤትነት መብትና የጥቅም ድርሻ እንደሚሰጥ ገልጸን ነበር። ተሳስተናል። ስምምነቱ ግዴታ የሚጥለው በፓተንት (ፈጠራን ለተወሰነ ጊዜ በብቸኝነት የመጠቀም መብት) አመልካቹ ላይ ነው። ፈጠራው ከአንድ ተክል ባሕርይ የመነጨ ከሆነ ተክሉ የተገኘበትን አገር፣ ከባህላዊ ዕውቀት ከሆነም ዕውቀቱን የሰጠውን ማኅበረሰብ ማመልከቻው ላይ ማስፈር አለበት፤ የማያውቅ ከሆነ አለማወቁን ይገልጻል። የማጭበርበር ሐሳብ ከሌለበት፣ ይህን ባለመግለጹ ብቻ ፓተንቱ አይሰረዝበትም። በእኛ አስተያየት ስምምነቱ የሚላላው እዚሁ ላይ ነው። ጥቅም መጋራትን የሚመለከተው ሌላ ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. የ2010ሩ የናጎያ ፕሮቶኮል ነው፤ ሁለቱን ያደባለቅነው እኛ ነን። «ቀድሞ የተሰጡ ፓተንቶችንም ይነካል» ማለታችንም ይታረም፤ ስምምነቱ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም።